ለገንዘብ ተያዥ እንጠራለን፤ ለሹመትስ?

ወገኖቼ፣ አንድ ወጣት ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሊቀጠር ሲሄድ ምን እንደሚባል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «ተያዥ አምጣ» ይባላል። ልጁ ደመወዝተኛ ዘመድ ይፈልጋል። ዘመድየው ያንገራግራል፤ «ልጁን በእርግጥ አውቀዋለሁ ወይ? ቢያጎድልስ ከደመወዜ ሊቆረጥ አይደለም ወይ?» እያለ ሲገላበጥ ያድራል። ጥቂት ሺህ ብር ለሚይዝ ሰው ይህን ያህል እንጨነቃለን። ትምህርት ቤት ለሚመራ፣ ለሆስፒታል መድኃኒት ለሚገዛ፣ የማኅበራችንን ሕንፃ ለሚያሠራ፣ በሰው ላይ ለሚፈርድ ሰው ስንመሰክር ግን እጃችን አይንቀጠቀጥም። «ጎበዝ ልጅ ነው፤ የእኛው ነው» እንልና ፈርመን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን።

ዛሬ ልወቅሳችሁ የተነሣሁት በዚህ ነው። ስለ ሿሚዎች አልናገርም። ስለ እነርሱ ያልተባለ ነገር የለም፤ በየቡና ቤቱና በየታክሲው ሲባል ይውላል። እኔ የምናገረው ስለ እኛ፣ ስለ አቅራቢዎቹና ስለ መስካሪዎቹ ነው። ሿሚ የቱንም ያህል ቢተጋ ሁሉን ሰው በዓይኑ አይቶ አይጨርስም። አብዛኛውን ሰው የሚያውቀው እኛ በነገርነው ልክ ነው። እኛ ከዋሸነው በውሸት ይሾማል፤ እኛ ዝም ካልነው የሚችለውን ሰው ሳያየው ያልፋል።

በዚህ ጉዳይ አጥብቀው ካሰቡት ሕዝቦች መካከል የጥንት ቻይናውያን ይገኙበታል። ታሪካቸውን ሳነብ ከነገሥታቱ ብልሃት ይልቅ የገረመኝ ሰውን አጭቶ ለሚያቀርበው ሰው የሰጡት ክብደት ነው። ለአንድ ሹም መነሣት ወይም መውደቅ ታሪካቸው ሁልጊዜ «ማን አቀረበው?» ብሎ ይጠይቃል። እኛ ይህን ጥያቄ የምንጠይቀው ለሐሜት ብቻ ነው።

ቺን የምትባል ግዛት ነበረች፤ ኋላ በ221 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ መላውን ቻይና ጠቅልላ የያዘችው እርሷ ናት። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በቺን ሕግ ሰው ለሹመት ያቀረበ፣ ያቀረበው ሰው ቢያጠፋ፣ ጥፋተኛው የሚቀጣውን ቅጣት እርሱም ይቀጣል። የእኛ ተያዥ በገንዘቡ ይጠየቃል፤ የእነርሱ በራሱ ነፍስ፣ አልፎም በቤተሰቡ ነፍስ ይጠየቅ ነበር። ሕጉ ጨካኝ ነው፤ እንድንቀዳው አልመክርም። አንዱ ባጠፋ ሌላው ከነልጆቹ የሚሞትበትን ሥርዓት ማንም ሊመኝ አይገባም። ከሕጉ በስተጀርባ ያለውን ሐሳብ ግን ልብ በሉት። ስለ ሰው የሚሰጥ ቃል በሥራው ውስጥ እንደገባ እጅ ይቆጠር ነበር።

በዚያች ግዛት ፋን ጁ የሚባል ሰው ታላቅ ሹም ሆኖ ነበር። ትውልዱ ዌይ ከምትባል ሌላ ግዛት ነው። እዚያ ሳለ «ምሥጢር ሸጠሃል» ተብሎ የጎድን አጥንቱ እስኪሰበር፣ ጥርሱ እስኪረግፍ ተደበደበ። ሞተ ብለው በሰሌን ጠቅልለው ሽንት ቤት ጣሉት፤ የሰከሩ እንግዶች እየመጡ ሸኑበት። ከዚያ ጉድ የወጣውን ሰው የደበቀው፣ ስሙን አስለውጦ ያተረፈው ጀንግ አንፒንግ ነው። ዋንግ ጂ የተባለ የቺን መልእክተኛ ደግሞ በሠረገላው ይዞት ድንበር አሻገረው። ፋን ጁ በቺን ንጉሥ ፊት ሞገስ አገኘ፤ ከዓመታት በኋላም ከንጉሡ ቀጥሎ ያለውን ወንበር ያዘ።

አሁን እናንተ በእርሱ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እርሱም ያንኑ አደረገ። ንጉሡን ለምኖ ዋንግ ጂን የአንድ ክፍለ ሀገር ገዥ፣ ጀንግ አንፒንግን የጦር አዛዥ አስደረገ። የሰውን ሕይወት ማትረፍ ግን አንድ ነገር ነው፤ ጦር መምራት ሌላ ነው። ጀንግ አንፒንግ ጃዎ በምትባለው ግዛት ጦር ሲከበብ 20,000 ወታደሮቹን ይዞ እጁን ሰጠ። ፋን ጁ እንደ ወንጀለኛ ሰሌን ላይ ተቀምጦ ቅጣቱን ለመነ፤ በሕጉ መሠረት ዘር ማንዘሩ ሊጠፋ ይገባ ነበር። ንጉሡ ግን ስለሚወደው ሕጉን ተወው፤ የጀንግ አንፒንግን ነገር ያነሣ ሰው እንደሚቀጣም አስነገረ። ብዙም ሳይቆይ ዋንግ ጂ ከሌሎች ግዛቶች ገዥዎች ጋር ተመሳጥሮ ተገኘና በሞት ተቀጣ። ፋን ጁ ከዚያ ወዲያ በወንበሩ ላይ መደላደል አልቻለም፤ በፈቃዱ ለቀቀ።

ወገኖቼ፣ ፋን ጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ውለታ የማይረሳ ሰው ነበር። እኛም የምንወድቀው በክፋት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የምንወድቀው በደግነታችን በኩል ነው። ያስተማረኝ አጎቴ ልጅ፣ ስታመም ያስታመመችኝ ጎረቤት ወንድም፣ ስሰደድ ቤቱን የከፈተልኝ ሰው ልጅ እያልን ነው የምንፈርመው። ውለታ መክፈል ያስከብራል። ግን ከራሳችሁ ኪስ ክፈሉ። ቤታችሁን አካፍሉት፤ ልጁን አስተምሩለት፤ ሲቸግረው ድረሱለት። የሕዝብ ወንበር የእናንተ ገንዘብ አይደለምና ዕዳችሁን በእርሱ አትክፈሉ። በእነዚያ 20,000 ወታደሮች ዘንድ ፋን ጁ ምን ውለታ ነበረበት?

ከእርሱ አራት መቶ ዓመት አስቀድሞ የኖረውን ጓን ጆንግን ደግሞ ተመልከቱ። ጓን ጆንግ ቺ በምትባል፣ ከቺን በተለየች ግዛት በዙፋን ሽኩቻ ጊዜ ከአንዱ መስፍን ጎን ተሰልፎ ተቀናቃኙን በቀስት ወግቶ ነበር፤ ቀስቱ የቀበቶውን ዘለበት መትቶ ሰውየው ተረፈ። ያ የተረፈው መስፍን በ685 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነገሠ፤ ስሙም መስፍን ኋን ተባለ። አዲሱ ገዥ ያሳደገውንና አብሮት የተንከራተተውን ባዎ ሹያን ዋና ሹሙ ሊያደርገው ፈለገ። ባዎ ሹያ አልቀበልም አለ። «ይህችን የቺ አገርህን ብቻ ልትገዛ ከሆነ እኔና መሰሎቼ እንበቃሃለን፤ ከመሳፍንቱ ሁሉ በላይ ልትሆን ከፈለግህ ግን ያለ ጓን ጆንግ አይሆንልህም» የሚል ነበር የነገሩ ፍሬ። ሊገድልህ የሞከረውን ሰው ሹመው ማለቱ ነው። ኋን ሰማ፤ ሾመውም። ባዎ ሹያም ራሱ ካቀረበው ሰው በታች ሆኖ አገለገለ።

ሁለቱ ወጣት ሳሉ አብረው ይነግዱ ነበር፤ ጓን ጆንግ ትርፉን ሲካፈሉ ለራሱ አብዝቶ ይወስድ ነበር። ባዎ ሹያ ግን «ስስታም ነው» አላለም፤ ድህነቱን ያውቅ ነበርና። ከጦር ሜዳ ሲሸሽም «ፈሪ ነው» አላለም፤ ያለ እርሱ ጧሪ የሌላት አሮጊት እናት እንዳለችው ያውቅ ነበር። ጓን ጆንግ ኋላ «የወለዱኝ አባትና እናቴ ናቸው፤ ያወቀኝ ግን ባዎ ሹያ ነው» ብሏል። ሰውን ማወቅ ማለት እንዲህ ነው፤ የዓመታት ሥራ ነው። እኛ በአንድ የሠርግ ድግስ ላይ አጠገባችን በተቀመጠው ሰው እንመሰክራለን።

ይህን ሁሉ የተናገርሁት ለሚቀጥለው ነገር ነው። ጓን ጆንግ ለሞት ሲያጣጥር መስፍን ኋን መጥቶ «ከአንተ በኋላ ማንን ልሹም? ባዎ ሹያን ይሆን?» ብሎ ጠየቀው። የጥንት መጻሕፍት እንደሚተርኩት ጓን ጆንግ «አይሆንም» አለ። ባዎ ሹያ ንጹሕና ቀጥተኛ ሰው ነው፤ ነገር ግን ከእርሱ ያነሱትን አይቀርብም፤ የሰውን ጥፋት አንድ ጊዜ ከሰማ ዕድሜ ልኩን አይረሳም፤ እንዲህ ያለ ሰው አገር ማስተዳደር አይችልም አለ። ሺ ፔንግ የተባለ ሌላ ሰው አቀረበ። ሕይወቱን፣ ሹመቱን፣ ክብሩን ሁሉ በእጁ ለተቀበለው ወዳጁ «አይሆንም» አለ! ይህን ባነበብሁ ቁጥር መጽሐፉን አጥፌ ለአፍታ ዝም እላለሁ። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያደረገ ሰው ለቅሶ ቤት እንኳ ይገባ ይሆን?

ስለ ሦስት ሌሎች ሰዎችም ተጠይቆ ነበር። ዪ ያ የተባለው የቤተ መንግሥት ወጥ ቤት፣ ጌታው የሰው ሥጋ ቀምሶ እንደማያውቅ ሲናገር ቢሰማ የገዛ ልጁን አርዶ ያቀረበለት ነው። ሹ ዲያዎ በእልፍኝ ለማገልገል ብሎ ራሱን የሰለበ ነው። ካይ ፋንግ የሌላ ግዛት መስፍን ልጅ ሲሆን ኋንን ለማገልገል ብሎ ወላጆቹን የረሳ ነው። ኋን እነዚህን ታማኝ ይላቸዋል። ጓን ጆንግ ግን ልጁን፣ ገላውን፣ ወላጁን ያልወደደ ሰው ጌታውን እንዴት ይወዳል ብሎ አስጠነቀቀ። ኋን ለጊዜው ቢሰማም ኋላ ሦስቱን አቀረባቸው። በ643 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ሲሞት ልጆቹ በዙፋን ተጣልተው ሬሳው ለ67 ቀን ሳይቀበር ቆየ፤ ትሉ በበሩ ሥር እስኪወጣ ድረስ። አርባ ዓመት ያህል መሳፍንቱን ሁሉ ያስገበረ ሰው ነበር። እነዚያ ሦስቱ በማንም ዘንድ ተቃዋሚ አልነበራቸውም ማለት አይደለም፤ ግን ከጓን ጆንግ ሞት በኋላ በገዥው ፊት ቆሞ «አይሆኑም» የሚል አልተገኘም።

«አይሆንም» ስለ ማለት ካነሣሁ የአንዲት እናትን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ከሁሉ በላይ እንድታስቡባት የምፈልገውም እርሷን ነው።

በ260 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ቺንና ጃዎ ቻንግፒንግ በሚባል ቦታ ተፋጠጡ። የጃዎን ጦር ይመራ የነበረው ልየን ፖ የተባለ አዛውንት ነው፤ ምሽጉን ይዞ አልዋጋም ብሎ የቺንን ጦር አሰለቸው። የቺን ሰዎች በጃዎ ከተማ ወሬ አስነዙ፦ «ቺን የምትፈራው ጃዎ ኩዎን ብቻ ነው፤ ልየን ፖማ ቀላል ነው» የሚል። ጃዎ ኩዎ የዝነኛው ጄኔራል የጃዎ ሸ ልጅ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የጦር መጻሕፍትን ያጠና፣ በክርክር አባቱን ሳይቀር የሚረታ ወጣት ነበር። አባቱ ግን በሕይወት ሳለ «ጦርነት የሞት ሜዳ ነው፤ ይህ ልጅ እንደ ቀላል ነገር ያወራዋል፤ ጃዎ እርሱን ጄኔራል ካደረገች ጦሯን የሚያጠፋው እርሱ ነው» ይል ነበር። ንጉሡ ወሬውን አመነ፤ ልየን ፖን ሽሮ ወጣቱን ሾመ።

ይህን ጊዜ እናቲቱ ለንጉሡ ደብዳቤ ጻፈች። ለምን እንደጻፈች አስቡ። ልጇ የአገሩ ጦር ሁሉ አዛዥ ሊሆን ነው፤ በእኛ ቤት ቢሆን ድንኳን ተተክሎ፣ በሬ ተጥሎ፣ «ሹመት ያዳብር» እየተባለ እልልታው ሰማይ በነካ ነበር። እርሷ ግን አባቱንና ልጁን አነጻጽራ ጻፈች። አባቱ ጄኔራል ሳለ በገዛ እጁ የሚያበላቸው ሰዎች በአሥር፣ ወዳጆቹ በመቶ ይቆጠሩ ነበር፤ ከቤተ መንግሥት የተሰጠውን ሁሉ ለወታደሮቹ ያከፋፍል ነበር፤ የዘመቻ ትእዛዝ ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ ስለ ቤቱ ጉዳይ አይጠይቅም ነበር። ልጄ ግን ጄኔራል በሆነ ማግሥት ከፍ ብሎ ተቀምጦ እጅ አስነሣ፤ ቀና ብሎ ሊያየው የሚደፍር ወታደር የለም፤ የሰጠኸውን ወርቅና ሐር ቤቱ ይከምራል፤ በየዕለቱም የሚገዛ ርካሽ መሬትና ቤት ያፈላልጋል፤ አባትና ልጅ ልባቸው አንድ አይደለም፤ አትላከው አለች።

ንጉሡ «እናቴ ተይው፤ ወስኛለሁ» አላት። «እንግዲያስ ቢያጠፋ በእርሱ ጥፋት እንዳልጠየቅ ቃል ግባልኝ» አለች፤ ቃል ገባላት። ጃዎ ኩዎ የልየን ፖን ሥርዓት ሁሉ ለወጠ፤ ከምሽጉ ወጥቶ ገጠመ፤ ተከበበ፤ ጦሩ ተራበ፤ እርሱም በቀስት ተመትቶ ወደቀ። የጥንቱ የታሪክ መዝገብ ጃዎ በዚያ ጦርነት ያጣችውን ሰው 450,000 ያደርሰዋል፤ እጃቸውን የሰጡትን ቺኖች ጨፍጭፈው ቀበሯቸው፤ ወደ አገራቸው የተመለሱት ለጋ ወጣቶች 240 ብቻ ነበሩ ይላል። ቁጥሩ የተጋነነ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ግማሹም ቢሆን፣ ሩቡም ቢሆን በየመንደሩ የሚያለቅስ ሰው አይጠፋም ነበር። ንጉሡ በቃሉ ጸንቶ እናቲቱን አልነካትም።

እናቶች፣ አባቶች፣ ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች፣ እናንተ የልጆቻችሁን ጠባይ ከማንም ፈተና በላይ ታውቃላችሁ። ከወንድሙ ድርሻ የሚነጥቀውን ታውቁታላችሁ። የተላከበትን መልስ የሚያስቀረውን ታውቁታላችሁ። በቃል የሚረታችሁን፣ በሥራ ግን የማይገኘውን ታውቁታላችሁ። ይህንኑ ልጅ ትልቅ ቦታ ለማስገባት ደጅ የምትጠኑትስ እናንተ አይደላችሁም ወይ? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ለልጆቻችን በሳቅ ያስተማርነው እኛ ነን። ያቺ እናት ልጇን አልጠላችውም። ብትጠላውማ የሞት ሜዳ አትላከው ብላ ባልለመነች ነበር።

ከዘመድ የራቀ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በ570 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ በጂን ግዛት ቺ ሺ የተባለ አዛውንት ሹም ጡረታ ሊወጣ ሲል ገዥው ማን ይተካህ አለው። ሺዬ ሁ ብሎ ጠቆመ፤ ሺዬ ሁ ደመኛው ነበር። ሰውየው ሳይሾም ሞተ። ገዥው ደግሞ ቢጠይቀው «ዉ ይችላል» አለ፤ ዉ የገዛ ልጁ ነው። የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ጠላቱን ማቅረቡ ለመሽቆጥቆጥ፣ ልጁን ማቅረቡም ለማድላት አልነበረም ብሎ ያመሰግነዋል። ልብ አድርጉ፣ ልጁን ሲያቀርብ ማንም ያመነው አስቀድሞ ደመኛውን ስላቀረበ ነው። «የእኔ ወንድም ስለሆነ አይደለም፤ ስለሚችል ነው» ማለት የምትወዱ ሁሉ፣ እስኪ ከዚያ በፊት የማትወዱትን ማንን ጠቁማችሁ ታውቃላችሁ? ዘመድ ከዘመዱ አህያ ከአመዱ ይባላል። ለመንከባለያው ይሁን፤ ለሕዝብ ሥራ ግን አመዱን አራግፈን እንምጣ።

እኔም ከዚህ ወቀሳ ውጭ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት ለአንድ የቅርብ ዘመዴ የምስክርነት ደብዳቤ ጻፍሁ። «ታታሪ፣ ጥንቁቅ፣ ኃላፊነት የሚሰማው» አልሁ። ሲሠራ አይቼው አላውቅም ነበር፤ በበዓል ቀን ሲስቅ ነው የማውቀው። በዚያ ደብዳቤ የአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነ። የመጻሕፍቱ ሣጥኖች በዝናብ በስብሰው ልጆቹ ግማሹን ዓመት ያለ መጽሐፍ ተማሩ። ማንም እኔን አልጠየቀኝም። እርሱ ተነሣ፤ የእኔ ፊርማ ግን አሁንም በዚያ መዝገብ ቤት በአንድ ፋይል ውስጥ አለ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ኃጢአታችን፣ ወደ ዝምታው ልመለስ። «ሰው የለም» ማለት እንወዳለን። ታንግ በተባለው ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ ፈንግ ደዪ የተባለውን ሹም ችሎታ ያላቸውን ሰዎች ፈልገህ አቅርብ ብሎ አዘዘው። ሰውየው ብዙ ጊዜ ቆይቶ አንድም ሰው አላቀረበም። ቢጠየቅ «ሳልተጋ ቀርቼ አይደለም፤ በዚህ ዘመን ልዩ ችሎታ ያለው ሰው ስለሌለ ነው» አለ። ታይዞንግ የመለሰለት ቃል እንዲህ የሚል ነበር፦ አስተዋይ ሰው ሌሎችን እንደ ዕቃ ይገለገላል፣ ከእያንዳንዱ የሚበጀውን ይወስዳል፤ የጥንት ደጋግ ነገሥታት ሰው ከሌላ ዘመን ተበድረው ነው ወይ የገዙት? እኛ ሰው ማወቅ አለመቻላችን ሊያሳስበን ይገባል እንጂ የአንድን ዘመን ሰው ሁሉ እንዴት እንሰድባለን? ፈንግ ደዪ አፍሮ ወጣ።

በዚያው ዘመን ቻንግ ኸ የተባለ ጄኔራል ነበረ፤ ወታደር ነው፣ ፊደል ብዙም አይገባውም። ንጉሡ ሹሞቹ ሁሉ ስለ አገር አስተዳደር ሐሳባቸውን ጽፈው እንዲያቀርቡ አዘዘ። ቻንግ ኸ ከ20 በላይ ነጥቦች ያሉት ጽሑፍ አቀረበ፤ ሁሉም ንጉሡን ያስደነቁ ነበሩ። ንጉሡ ይህ ከየት መጣ ብሎ ጠየቀው። አሁን ይህ ሰው ዝም ቢል ማን ያውቅበት ነበር? ሐሳቡን የእኔ ነው ቢል የሚከራከረው ማን ነው? እርሱ ግን «እኔ አልችለውም፤ ቤቴ በእንግድነት የተቀመጠ ማ ጆው የሚባል ሰው የጻፈልኝ ነው» አለ። ማ ጆው ወላጆቹ በልጅነቱ የሞቱበት ድሃ ነበር። ንጉሡ ወዲያው አስጠራው፤ እስኪደርስ ቸኩሎ አራት ጊዜ መልእክተኛ ላከበት። ማ ጆው ኋላ ከአገሪቱ ዋና ሹሞች አንዱ ሆነ። ቻንግ ኸም ሰው ስላወቀ 300 ጥቅል ሐር ተሸለመ። በሰው እጅ ያስጻፋችሁትን ሪፖርት በስማችሁ የምታቀርቡ አለቆች፣ ይህን ታሪክ እባካችሁ ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ቻይናውያን ራሳቸው ይህን መንገድ ሁልጊዜ አልጠበቁትም። በሃን ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ዉ በ134 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር ወላጁን የሚያከብርና እጁ ንጹሕ የሆነ ሰው በየዓመቱ እንዲያቀርብ አዘዘ። ያማረ ሐሳብ ነበር። ውሎ አድሮ ግን አቅራቢዎቹ ወዳጆቻቸውንና የባለጸጋ ልጆችን ማቅረብ ጀመሩ። የሥርወ መንግሥቱ ማብቂያ ሲቃረብ ሕዝቡ እንዲህ የሚል ግጥም ያንጎራጉር ነበር፦ ሊቅ ተብሎ የቀረበው ፊደል አያውቅም፤ ወላጁን አክባሪ የተባለው ከአባቱ ተለይቶ ይኖራል፤ ንጹሕ የተባለው እንደ ጭቃ የደፈረሰ ነው፤ ስመ ጥር ጄኔራል የተባለው እንደ ዶሮ ፈሪ ነው። ቀጥሎ ከ220 ዓ.ም. ጀምሮ ሰውን በዘጠኝ ደረጃ የሚመድቡ መስካሪዎች በየአውራጃው ተሾሙ። እነርሱም የትልልቅ ቤተሰቦች እጅ ሆነው ከላይኛው ደረጃ ድሃ፣ ከታችኛው ደረጃ ባለወገን ጠፋ። የመንግሥት ፈተና የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኋላ በሶንግ ዘመን የተፈታኙን ስም በወረቀት ሸፈኑት፤ ያም አልበቃ ብሎ ፈታኙ የእጅ ጽሑፉን እንዳያውቀው መልሱን በሌላ ጸሐፊ እጅ ያስገለብጡት ጀመር። ሰው በሰው ምስክርነት ተስፋ ሲቆርጥ እስከዚህ ይደርሳል። ፈተናው እስከ 1905 ድረስ ቆየ፤ ብዙ ድሃ ልጆችንም አነሣ። ግን ፈተና ጃዎ ኩዎን አይጥለውም ነበር። እርሱ መጽሐፉን በቃሉ ያውቀዋል። እርሱን የምትጥለው እናቱ ብቻ ነበረች።

ሜንሲየስ የተባለው ጠቢብ ለአንድ ንጉሥ ሲመክር አጠገብህ ያሉት ሁሉ «ደግ ሰው ነው» ቢሉህ አይበቃም፤ ሹሞችህ ሁሉ ቢሉህም አይበቃም፤ የአገሩ ሰው ሁሉ «ደግ ሰው ነው» ሲል ያን ጊዜ መርምረው፤ ደግነቱን በዓይንህ ካየህ በኋላ ሹመው ብሏል። ሰውን ስለ መሻርም እንዲሁ አለ። በዚህ ምክር ውስጥ የአገሩ ሰው የተባልነው እኛ ነን። ቃላችን ከሹሞቹ ቃል በላይ ተቀምጧል፤ እንደዚያም ሆኖ ቃላችን ምርመራ ያስጀምራል እንጂ አይዘጋም። እኛ ግን በስብሰባ እጅ እናወጣለን፤ ማን እንደሆነ ሳናውቅ እናጨበጭባለን። ለዕድር ሊቀመንበር ስንመርጥ እንኳ ሒሳብ የሚችለው በጥግ ተቀምጦ እያየነው አፈ ጮሌውን እንጠቁማለን። ሲያጎድል ደግሞ ቀድመን የምንጮኸው እኛው ነን።

በዚህ ሳምንት እኅቴ ልጇን ይዛ መጣች። አንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ክፍት ቦታ አውጥቷል፤ «እርሱን በደንብ የሚያውቅ የተከበረ ሰው ይፈርምለት» ተብሏል። ልጁን እወደዋለሁ፤ በእጄ አዝዬ ያሳደግሁት ነው። «አሁን ያለህበትን ሥራ እስኪ ሁለት ሳምንት እየመጣሁ ልይህ፤ አብረውህ የሚሠሩትንም ልጠይቅ» አልሁት። እኅቴ ተቆጣች፤ «ለባዕድ የምታደርገውን ለደምህ ነሳህ» ብላ ቡናዋን ሳትጠጣ ወጣች። ልጁ ግን በነጋታው ደውሎ ሰኞ ጠዋት ና አለኝ። ወረቀቱ ሳይፈረም ጠረጴዛዬ ላይ ነው።